ከንብ የባሰ

«ቀፎው እንደተነካበት ንብ» ማለት ለምዶብናል። ስብሰባ ሲንጫጫ፣ ሰፈር ሲታመስ እንላለን። የምር ቀፎው ሲነካ ግን አባባሉ ትዝ የሚለው የለም... እግሬ አውጪኝ ነው!

የመንገድ ቅየሳ ላይ ሳለን ከአንድ ሾላ ዛፍ የንብ መንጋ እንደ ጭስ ተግተልትሎ ወጣብን። አንዱ በኮፍያው መከላከል ሲጀምር የአገሩ ሽማግሌ «አትምታት ልጄ! ሩጥ!» ብለው ጮኹ። እውነታቸውን ነው። ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋ ከነመርዝ ከረጢቱ ቆዳችን ላይ ይቀራል። እሷ ትሞታለች፤ የተወችው ሽታ ግን ሌሎቹን ይጠራል። ቀፎ ቆራጭ የሚያጨሰውም አንድም ይህን ሽታ ለመሸፈን ነው። መፍትሔው ፊትን ሸፍኖ መሮጥ፣ ቤት ወይም መኪና ውስጥ መግባት፣ መንደፊያውንም ቶሎ ማንሳት ነው።

ሁላችንም ሮጥን። አንድ የቀን ሠራተኛ ብቻ የቅየሳ መሣሪያውን ታቅፎ ቀረ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ጎትተው ሲያመጡት ፊቱ አብጦ ዓይኑ ጠፍቷል። «ምን ነካህ?» ስንለው ምን ቢለን ጥሩ ነው?

«ዕቃው ከጠፋ ከደሞዜ ነው የሚቆረጠው።»

ንቧ የምትነድፈው ቤቷንና ማሯን ልታድን ነው። እሱም የልጆቹን እንጀራ ነበር የታቀፈው። ልዩነቱ፣ እሷ ስትነካ የቀፎው ሁሉ ይደርስላታል።

መርዙ ለማይስማማው ሰው አንድ ንድፊያም ሊገድል ይችላል። እናም አለቆች ሆይ፣ ሰው ወደ ዱር ስትልኩ «ንብ ከመጣ ዕቃውን ጥላችሁ ሩጡ፤ አንጠይቃችሁም» በሉልን። በጀት አይጠይቅም እኮ!