ጣቶቻችን ፊደል ቆጠሩ

በዚህ መንፈቅ እኛ ሠልጣኞች ቪም በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ መለማመድ ጀምረናል። ቪም ያለ ማውዝ፣ በኪቦርዱ ብቻ ሊታዘዝ የሚችል ነው። እንደ ተከፈተ ቢጽፉበት አይጽፍም፤ ፊደሉን ሁሉ እንደ ትእዛዝ ይቆጥረዋል። «አይ»ን ሲጫኑ መጻፍ ይቻላል፤ «ኢስኬፕ»ን ሲጫኑ ወደ ትእዛዝ ይመለሳል። ለማስቀመጥ ኮሎንና ደብልዩ፣ ለመውጣት ኮሎንና ኪው መትቶ ኢንተር መጫን ነው። የጻፉትን ትቶ ለመውጣት ከኪው ቀጥሎ ቃለ አጋኖ ይጨመራል። መውጫውን ሳያውቁ መግባት ያስጨንቃልና በመጀመሪያው ቀን ይኸው ይበቃል።

ጠቋሚውን ወደ ግራ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይና ወደ ቀኝ የሚወስዱት ኤች፣ ጄ፣ ኬና ኤል ናቸው። ይኼ እንዲያው የመጣ አይደለም። የቪም አባት የሆነውን ቪአይን ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሲጀምር፣ በተጠቀመበት ኤዲኤም-3ኤ መሣሪያ ላይ ቀስቶቹ የተሳሉት በእነዚሁ ፊደላት ላይ ነበር። ቪምን ደግሞ ሆላንዳዊው ብራም ሞሌናር እ.ኤ.አ. በ1991 አወጣው፤ በነፃ ሰጥቶም ተጠቃሚዎቹ በኡጋንዳ ያሉ ችግረኛ ሕፃናትን እንዲረዱ ጠየቀ።

እኛን ይበልጥ የሳበን ሰዋስው ያለው መሆኑ ነው። ዲ ግሥ ነው፣ «ሰርዝ» ማለት፤ ደብልዩ ስም ነው፣ «ቃል» ማለት። ሁለቱ ሲጣመሩ አንድ ቃል ይሰረዛል፤ በመካከላቸው 3 ቢገባ ሦስት ቃል ይሰረዛል። በዲ ፈንታ ሲ ቢሆን ቃሉን ይለውጣል። ዩ ደግሞ የተሰረዘውን ይመልሳል። እንግዲህ ነገሩ ሽምደዳ አይደለም፤ ጥቂት ግሥና ጥቂት ስም የያዘ ሰው ያልተማረውን ትእዛዝ ራሱ ይመሠርታል።

አማርኛ ለምንጽፍ አንድ ጥንቃቄ አለ። የአማርኛው ኪቦርድ እንደ በራ ወደ ትእዛዝ ከተመለስን፣ ዲ ስንጫን ለቪም የሚደርሰው «ድ» ነውና አይገባውም። ኢስኬፕን ስንጫን ኪቦርዱንም ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ልማድ ይሁነን።

«የትምህርት ዕቅዱ ለነገ ነው፤ በማውዙ ቶሎ አንጨርስም ወይ?» ያልን ነበርን። ጥያቄው ትክክል ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሥራችን ተጓተተ። ስለዚህ አስቸኳዩን በለመድነው እየሠራን፣ ለቪም በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መደብን። አብሮት የሚመጣው መለማመጃ፣ ቪምቱተር፣ ይህንኑ ያህል ጊዜ ይፈጃል፤ ወሬ አያበዛም፣ «ይህን መስመር አርም» እያለ ያሠራል። አሁን ጣቶቻችን ሳናዛቸው መንገዱን እየለዩ ነው።

ከሁሉ የጠቀመን ግን ኪቦርዱን ነጥቆ የሠራልን ጓደኛ አይደለም፤ እጁን አጣምሮ፣ ፊደሏን ፈልገን እስክናገኝ የጠበቀን ነው። ነገ የምናስተምራቸው ሕፃናትም እርሳስ መጨበጥ እንዲህ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ልምምዱን ለምትጀምሩ ሁሉ ምክራችን ይህ ነው፦ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው በአፉ ይርዳ፣ እጁን ግን ይሰብስብ።