ስም የተነቀሰበት ኮዳ

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከልጆቻችን ቦርሳ አስቀድሞ የሚጠፋው ዕቃ የትኛው እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። ደብተሩ አይደለም። እርሳስና ላጲስም ቢጠፉ በማግሥቱ ይተካሉ። የሚያንገበግበው የውሃ ኮዳው ነው። እኔ ባለፈው ዓመት በአንድ መንፈቀ ዓመት ሁለት ኮዳ ገዝቼ ሁለቱንም አጥቻለሁ። ሦስተኛው ሰማያዊ ኮዳ ግን አንድ ቀን ከልጄ ጋር በደኅና ተመለሰ ብዬ ስደሰት፣ ክዳኑን ብከፍተው የሎሚ ሽታ ሸተተኝ። እኛ ቤት ውሃ ላይ ሎሚ አይጨመርም። የሌላ እናት ኮዳ ነበር።

ልጄን ብቆጣት ምን ላተርፍ? ከክፍሏ ልጆች ግማሾቹ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ኮዳ ይዘው ነው የሚመጡት። በማርከር ስሟን ብጽፍበት በሳምንቱ ታጥቦ ጠፋ። ፕላስተር ለጥፌ ብጽፍበት ራሷ ላጠችው። በዚህ መካከል ነው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ካዛንቺስ የነበሩ፣ ኮዳ ላይ ስም የሚነቅሱ ሴት አሉ» ያለችኝ። «የነበሩ» ማለቷን ልብ በሉልኝ።

ሴትዮዋን የማገኛቸው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቂርቆስ ነበር። ይሁንና መንገዴን ሆን ብዬ ከካዛንቺስ ጀመርኩ። ሠፈሩን የምታውቁ ታስታውሳላችሁ፤ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ሲባል ቆርቆሮ በቆርቆሮ የተያያዙ ቤቶች፣ በየደጃፉ የሚጨስ የቡና ከሰል፣ በግድግዳ በኩል የሚነጋገሩ ጎረቤታሞች ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማቱ ሥራ እነዚያ ቤቶች ፈርሰው ከነዋሪው ብዙው ወደ ገላን ጉራ ሄደ። ዛሬ ሰፋፊ መንገድ፣ የእግረኛ መሄጃና የብስክሌት መስመር ታያላችሁ። ለመራመድ ይመቻል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን አንድ ቤት የት እንደነበረ ለማወቅ የተረፉትን ትልልቅ ሕንፃዎች እንደ ምልክት እየያዝኩ መገመት ነበረብኝ።

የሠፈሩ ስም ራሱ የቤት ስም ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ለመንግሥቱ ሠራተኞች ቤት አሠርቶ ነበር። «ካሴ» በጣሊያንኛ ቤቶች ማለት ሲሆን፣ «ኢንቺስ» ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞችን ቤት የሚያሠራው ድርጅት ስም ምኅጻረ ቃል ነው። «ካሴ ኢንቺስ» በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሄደ፤ ስሙ ግን ከእኛው ጋር ኖረ።

ከዚያ ወደ ታች ስትወርዱ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተውን የአፍሪካ አዳራሽ ታገኛላችሁ። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስተዋት ያለው እዚያ ነው። መስቀል አደባባይን ተሻግሬ በመሿለኪያ አድርጌ ተወላጆቹ «ጨርቆስ» ወደሚሉት ሠፈር ደረስኩ። ክፍለ ከተማው ስሙን የወረሰው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን መቼም ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ሴትዮዋ የሁለት ልጆች እናት ናቸው፤ በእኅታቸው ትንሽ ሱቅ ደጃፍ ላይ በዱካ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ኮዳ አለ፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ አብዛኛው ሰማያዊ። ሥራውን የሚሠሩት ገላን ጉራ ቤታቸው ሲሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የድሮ ደንበኞቻቸው እንዳይጠፉባቸው እዚህ መጥተው ያስረክባሉ፣ ይቀበላሉ። «ተቀመጪ እኅቴ» አሉኝና ሌላ ዱካ አቀረቡልኝ።

ቀድሞ በአንድ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ለብዙ ዓመታት ስቲከር ሲቆርጡ ኖረዋል። ኮዳ ላይ መጻፍ የጀመሩት እንደ እኔው ልጃቸው ኮዳ እየጣለ ስላስቸገራቸው ነው። የጎረቤት ልጆች አዩት፣ እናቶቻቸው አዩት፣ ሥራ ሆነ።

አሁን ወደ ሙያው እንግባ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት ይህን ነውና። እነዚህ ኮዳዎች ከውስጥ ዝገት የማይነካው ብረት ናቸው፤ ሱቅ ላይ ስታንለስ ይሉታል። ከውጭ ያለው ሻካራ ቀለም ግን በብሩሽ የተቀባ አይደለም። ደረቅ የቀለም ዱቄት በኤሌክትሪክ ኃይል ብረቱ ላይ እንዲጣበቅ ይነፋበትና እስከ 180 ወይም 200 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል። ዱቄቱ ቀልጦ እንደ አንድ ቆዳ ይያያዛል። እንግዲህ የተጋገረ ቀለም ስለሆነ ተራ ቲነር ብዙም አይበግረውም። ንድፍ ማውጣት ማለት ይህን ቆዳ በተፈለገው ቅርጽ ልክ ገፎ ከሥሩ ያለውን የብረት ብርሃን ማሳየት ነው።

ሴትዮዋ እንዲህ ያደርጋሉ። ኮዳውን በሳሙና አጥበው ያደርቁና በአልኮል ይወለውሉታል፤ የጣት ቅባት ካለበት ስቲከሩ አይዝም። ፊደሉን ስቲከር ላይ ቆርጠው የፊደሉን አካል ያነሡና ዙሪያውን ይለጥፋሉ። የቀረውን የኮዳውን አካል በሙሉ በፕላስተር ይሸፍናሉ፤ አፉንም ይከድናሉ። ከዚያ ጓንት አድርገው እንደ ማር የወፈረ የቀለም ማስለቀቂያ በብሩሽ ይቀቡበታል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቀለሙ ልክ እንደ ወተት ስልባቦት ይሸበሸባል። ያን ጊዜ በፕላስቲክ መፋቂያ አንሥተው በብዙ ውሃና ሳሙና ያጥባሉ። ስቲከሩ ሲላጥ ስሙ ነጭ ብረት ሆኖ ብቅ ይላል፤ በማጠቢያ ስፖንጅ ቢፈተግም አይለቅም።

እኔ ቤት ሞክሬ አበላሽቻለሁ፤ እውነቱን ልናገር። የልጄ ስም በ«መ» ይጀምራል። መ ደግሞ ሁለት ዝግ ዓይን ያለው ፊደል ነው፤ ዙሪያው ሲነሣ የዓይኖቹ ውስጥ ብቻቸውን የሚቀሩ ሁለት ቁራጭ ስቲከሮች አሉ። አንደኛዋ ከጣቴ ላይ ተጣብቃ ቀረች፣ ሁለተኛዋን በደንብ ስላልጫንኳት ማስለቀቂያው ከሥሯ ገባ። መ ሳይሆን አንድ ትልቅ ነጭ ጠባሳ ወጣ። ሴትዮዋ ሲያዩት ሳቁ። «ወ፣ መ፣ ዐ፣ ጠላቶቼ ናቸው» አሉኝ። መድኃኒቱ ፊደሉን ወፈር አድርጎ መቁረጥ፣ ዓይኖቹን ሳይበታትኑ በማስተላለፊያ ፕላስተር ከነዙሪያቸው አንሥቶ በአንድ ጊዜ መለጠፍ፣ ጠርዙን ደግሞ በጥፍር ደጋግሞ መጫን ነው። ኮዳ ክብ ስለሆነ ጠርዙ ሁልጊዜ ሊነሣ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ግን እናቶች ሆይ፣ አንድ ነገር በጥሞና አድምጡኝ። ከቀለም ማስለቀቂያዎች መካከል ሜቲሊን ክሎራይድ የሚባል ኬሚካል ያለባቸው አሉ። ይህ ነገር ሲተነፍሱት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። በዝግ ክፍል ሲሠሩ የሞቱ ሰዎች በመኖራቸው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ለቤት ተጠቃሚ እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ በ2024 ደግሞ ክልከላውን ወደ አብዛኛው የሥራ ቦታ አስፋፍታለች። ስለዚህ ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ፤ የተጻፈበት ነገር ከሌለ አትግዙ። ከዚህኛው ነፃ የሆኑም ቢሆኑ በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ፣ ልጆች በሌሉበት እንጂ ኩሽና ውስጥ አይሠራባቸውም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አንብቤ አይደለም። ሴትዮዋ ካዛንቺስ ሳሉ የሚኖሩት ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። ጎረቤት «ሽታው ፈጀን» ስላላቸው በር ዘግተው ይሠሩ ጀመር። አንድ ቀን ማታ ራሳቸውን ሲያዞራቸው ታላቁ ልጃቸው በሩን በርግዶ ጎትቶ አወጣቸው። «ቡዳ ነው ተባለ፣ ፀበል ተባለ። እኔ ግን ጠርሙሱን አውቄዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይነቱን ቀየሩ። በአዲሱ ቤታቸው ደግሞ በረንዳ አለ፤ ነፋስ እንደልብ ነው። «እዚያ ነፋስ አለ ሰው የለም፣ እዚህ ሰው ነበረ ነፋስ አልነበረም» ብለው ቁጭ አሉ፤ እኔም የምመልሰው አላገኘሁም።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ የጨው ውሃና ጥጥ ይዘው ብረቱን ራሱን የሚያስበሉ ሰዎች አሉ። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከጨዉ ክሎሪን ጋዝ፣ ከብረቱ ደግሞ ክሮሚየምና ኒኬል ይወጣል። ለልጅ የምታሳዩት ጨዋታ አይደለም። በትንንሽ የኤሌክትሪክ መፋቂያ መቅረጽም ይቻላል፤ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ይፈልጋል፣ እጅም ይንሸራተታል። ከሁሉ ንጹሕ የሆነው የሌዘር ማሽን ነው፤ ጨረሩ ቀለሙን አቃጥሎ ያነሣል፣ ብረቱ ግን አብዛኛውን መልሶ ስለሚያንጸባርቀው አይነካም። ኮዳው በመንኮራኩር ላይ ቀስ እያለ ይዞራል። መብራት መካከል ላይ ከጠፋ ግን ግማሽ ስም ይቀራል። ሴትዮዋ ማሽኑን ይመኛሉ፤ ዋጋውን አልጽፍላችሁም፣ ጋዜጣው እጃችሁ እስኪገባ ይለወጣልና።

የትኛውንም ብትመርጡ የኮዳውን ቂጥ አትንኩ። ሙቀት የሚይዙት ኮዳዎች ሁለት ግድግዳ አላቸው፤ በመካከሉ አየር የለም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ያን ቀዳዳ የሚደፍኑት በእርሳስ ነው፤ የምንጽፍበትን እርሳስ ማለቴ ሳይሆን የልጅ አእምሮ የሚጎዳውን ብረት ነው። ከላዩ ስለተሸፈነ በደኅናው ጊዜ አይነካም። ከሥሩ ያለው ክብ ሽፋን ወልቆ የወደቀበት ኮዳ ካላችሁ ግን ለልጅ አትስጡ።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ኮዳ ነው ትሉ ይሆናል። እናቶቻችን ግን ይህን ሥራ ከጥንትም ያውቁታል። ለሠርግ ወይም ለተዝካር ሣህንና ብርጭቆ ሲዋዋሱ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርገው፣ ቀይ ክር አስረው አልነበረም? የእድር ድስትና ጋን ላይ በምስማር የተጫረ ምልክትስ? ሴትዮዋ እንደነገሩኝ የካዛንቺሱ እድራቸው ሰው ሲበታተን ዕቃውን ለመከፋፈል የተቻለው በዚያ ምልክት ነው። ድስቶቹ እንኳ የየት እንደሆኑ ይታወቃሉ።

ከሄዱት ጎረቤቶች አንዳንዶቹ ደግሞ ለየት ያለ ነገር ያስጽፋሉ። ስማቸውን ሳይሆን የፈረሰውን ቤታቸውን ቁጥር።

ይህን እያወሩኝ ሳለ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አጣፍተው በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መጡ። ቤታቸው ሲፈርስ ቂርቆስ ያለች ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። ሴትዮዋ ተነሥተው «እማማ፣ ደርሷል» አሏቸውና ከማዳበሪያው ውስጥ አንድ ጥቁር ኮዳ አወጡ። እማማ ፊደል አልቆጠሩም። ያቺን ቁጥር ግን ደጃፋቸው ላይ ተመትታ በነበረችው ቆርቆሮ ላይ ዕድሜ ልካቸውን አይተዋታል። ኮዳውን ወደ ብርሃን አዙረው አሃዞቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። መጨረሻዋ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ስድስቷ ጭራዋ ረዘመ» አሉ። «የእኛዋ አጭር ነበረች።»

ሴትዮዋ ኮዳውን ተቀብለው ወደ ማዳበሪያው መለሱትና «ለቅዳሜ አስተካክላታለሁ እማማ» አሏቸው። እኔም ባለ ጠባሳውን የልጄን ኮዳ እዚያው ትቼላቸው ተነሣሁ።