በአንድ ቁጥር ላይ የተቀመጡ ሁለት ፊደላት

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 የቦውና የኤልቦ ወንዞች ሞልተው ካልጋሪን ባጥለቀለቁ ጊዜ ከ20 በላይ ሰፈሮች ነዋሪዎቻቸውን አስወጡ። ቦውነስ በተባለው የወንዝ ዳር ሰፈር ይኖር የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ የነዳጅ መሐንዲስ ከቀናት በኋላ ሲመለስ ምድር ቤቱን በጭቃ ውሃ ተሞልቶ አገኘው። ከጠፋው ንብረት ሁሉ የቆጨው አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነበር። በውስጡ አባቱ ከደሴ የጻፉለት 14 ደብዳቤዎች ነበሩ። አባቱ ዕድሜያቸውን በመምህርነት ያሳለፉ፣ የእጅ ጽሕፈታቸው የተመሰገነ ሰው ነበሩ፤ ካረፉም ቆይተዋል። ወረቀቱ ሊጥ ሆኖ፣ ቀለሙ ታጥቦ ሄዷል። ሚስቱ ስታዝን እሱ አጽናናት፦ «ግድ የለም፤ ሁሉንም በኮምፒውተር ገልብጬ አስቀምጫቸዋለሁ» አላት።

ያን ዕለት ማታ ፋይሉን ሲከፍት ያየው አማርኛ አልነበረም። የላቲን ፊደላት፣ የገንዘብ ምልክቶች፣ ጭረት የተጫነባቸው የፈረንሳይኛ አናባቢዎች ተደበላልቀው ገጹን ሞልተውታል። ፋይሉን ዘጋው፤ ለሚስቱም አልነገራትም። ዝም ያሰኘው ሐዘን ብቻ አልነበረም። ከ18 ዓመት በፊት የረታ መስሎት የተነሣበት አንድ ክርክር ትዝ ብሎት ነበር።

ክርክሩ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1995 መኸር፣ በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው። ሦስት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ይገናኙ ነበር፦ እሱ፣ አንድ የሒሳብ ተማሪና አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ። የኔትስኬፕ ብራውዘር የመጀመሪያው እትም ለሕዝብ ከቀረበ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ማይክሮሶፍትም ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ይዞ የመጣው በዚያው ክረምት ነበር። አገር ቤት ኢንተርኔት አልገባም፤ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አገልግሎቱን የጀመረው በ1997 መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ አማርኛ በኮምፒውተር መረብ ላይ እንዴት ይጻፍ የሚለውን ጥያቄ በየቀኑ ይጋፈጡ የነበሩት በአብዛኛው ከአገር የራቁ ተማሪዎችና ባለሙያዎች ነበሩ።

ሦስቱም የየራሳቸው ፍቅር ነበራቸው። የኮምፒውተር ተማሪዋ የምታወራው ስለ ጃቫ ነበር። ይህን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ጄምስ ጎስሊንግ ካልጋሪ አካባቢ ተወልዶ ያደገ፣ በ1977 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው ነው፤ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ለዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ክፍል የሳተላይት መረጃ የሚተነትን ፕሮግራም ጽፏል። ቋንቋው በግንቦት 1995 ይፋ ሲሆን ሆት ጃቫ የተባለ የራሱን ብራውዘር ይዞ መጣ። እሷን የማረካት ግን ሌላ ነገር ነበር፦ ጃቫ ለእያንዳንዱ ፊደል 16 ቢት ስለሚመድብ ለ65,536 ምልክቶች ቦታ አለው። «ወንበሩ ተዘጋጅቷል፤ የቀረው ተቀማጩ ነው» ትል ነበር። ሦስት ገጽታ ባላቸው ምናባዊ ዓለሞችም ትመሰጥ ነበር። አንድ ቀን «ላሊበላን ኮምፒውተር ውስጥ እንገንባው፤ አገሩ መግባት ያልቻለ ሰው እዚያ ገብቶ ይሳለም» አለች። የሒሳቡ ተማሪ ሳቀና «በሩ ላይ የሚጻፈውን በምን ፊደል ልትጽፊው ነው?» አላት።

የክርክሩ ሁሉ መቋጫ ይህ ጥያቄ ነበር። የትኛውም ብራውዘር ቢመረጥ፣ በየትኛውም ቋንቋ ፕሮግራም ቢጻፍ፣ ማሽኑ ፊደሉን አያውቀውም ነበር። በጊዜው የነበሩት መንገዶች ሦስት ነበሩ። አንደኛው ገጹን እንደ ሥዕል ማስቀመጥ ነው፤ ሥዕል ግን በስልክ መስመር ቀስ እያለ ይመጣል፣ ቃልም አይፈለግበትም። ሁለተኛው የግል ፎንት መጫን ነው። ሦስተኛው ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት፣ «ሴራ» በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በእንግሊዝኛ የመተየቢያ ሰሌዳ ላይ ባሉት ምልክቶች ብቻ ይጻፋል፦ ትንሹ የላቲን «ቲ» ለ«ተ»፣ ትልቁ «ቲ» ለ«ጠ» ይቆማል። ለዓይን አያምርም፤ ነገር ግን በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ኮምፒውተር ሳያበላሽ ያስተላልፈዋል።

የሒሳቡ ተማሪ የሚከራከረው ለዚህ ለሦስተኛው ነበር። መሐንዲሱ፣ ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ ይህን እንደ ውርደት ቆጠረው። «የራሱ ፊደል ያለው ሕዝብ በባዕድ ፊደል ይጻፍ ትላለህ? አታፍርም?» አለው። ጓደኛው ድምፁን ሳይጨምር መለሰለት፦ «ይህ ፊደል አይደለም፤ ማጓጓዣ ነው። እህል በጆንያ ሲመጣልህ ጆንያውን ብላ ያለህ የለም።» መሐንዲሱ ግን ከአንድ ወዳጁ ያገኘውን ፎንት ጭኖ፣ አንድ ገጽ አትሞ አሳያቸው። ከማተሚያ ቤት የወጣ መጽሐፍ ይመስል ነበር። ተማሪዋ ወረቀቱን በጣቷ ዳሰሰች። ክርክሩ በዚያው አለቀ፤ ውበት ረታ።

በዚያው ክረምት የአባቱን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ ተየበ። የመጀመሪያውን አትሞ በፖስታ ወደ ደሴ ላከው፤ አባቱ የገዛ ቃላቸውን በኅትመት አይተው እንደተደሰቱ በሚቀጥለው ደብዳቤ ጻፉለት።

የግል ፎንት የሚሠራው ማሽኑን በማታለል ነበር። በዘመኑ አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ከእነዚህም የተወሰኑት ለትእዛዝ የተያዙ ናቸው። 33ቱ ዋና ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ የመሐንዲሱ ፎንት ለሁለት ተከፍሎ ነበር፦ ከ«ሀ» እስከ «ኘ» በአንዱ፣ ከ«አ» እስከ «ፐ» በሌላው። አንዱ ቁጥር በመጀመሪያው ፎንት «ለ»፣ በሁለተኛው «ከ» ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ቃል ማቀናበሪያው ከጽሑፉ ጋር የሚያስቀምጠው የፎንት ምልክት ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የዩኒኮድ 3.0 እትም ሲወጣ 345 የኢትዮጵያ ፊደልና ምልክቶች እያንዳንዳቸው የማይጋሩት ቋሚ ቁጥር ተሰጣቸው፤ ወንበሩ ተቀማጩን አገኘ። መሐንዲሱ በዚያው ዓመት ኮምፒውተሩን ለወጠ። አዲሱ ማሽን አሮጌውን ቃል ማቀናበሪያ ስላልተቀበለው «ለጥንቃቄ» ብሎ ፋይሎቹን ያለ ምንም ቅርጽ፣ ጽሑፉን ብቻ አድርጎ አስቀመጣቸው። ያን ጊዜ የፎንቱ ምልክት ተሰረዘ። የአባቱ ቃላት ከጎርፉ 14 ዓመት ቀድመው ተደበላልቀው ነበር።

ከጎርፉ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2016 ክረምት፣ ሺኑክ የተባለው ሞቃት ነፋስ በረዶውን ባቀለጠበት አንድ ቅዳሜ፣ በዩኒቨርሲቲው አንደኛ ዓመት የገባች ልጁ ፋይሉን አገኘችው። ምን እንደሆነ ሲነግራት «አባዬ፣ ይኼኮ አልጠፋም፤ እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ጌታ ነው ያለው» አለችው። አክስቷ ከአዲስ አበባ፣ አባታቸው እስኪያርፉ ጠብቀው ያቆዩትን ያንን የታተመ ደብዳቤ ፎቶ አንሥታ ላከች። አባትና ልጅ የታተመውን ገጽ ከፋይሉ ጋር ፊደል በፊደል እያስተያዩ ሠንጠረዥ ሠሩ፤ ልጅቱም በሠንጠረዡ የሚሠራ አጭር ፕሮግራም ጻፈች።

አብዛኛው በቀላሉ ተፈታ። «ቤት» የሚለው ቃል በሌላ በኩል ሲነበብ «ጄግ» ስለሚሆን ማንም አይሳሳትም። አንዳንዱ ግን ማሰብን ጠየቀ፤ «ለወሎ» እና «ከወሎ»፣ «መጋቢት» የሚለው ወርና የማይገባ ቃል፣ ዐረፍተ ነገሩ እየተነበበ ተለየ። 13ቱ ደብዳቤዎች ሙሉ በሙሉ ተመለሱ። በአሥራ አራተኛው ውስጥ አንዲት ፊደል እምቢ አለች፤ «ቅ» እና «ድ» በአንድ ቁጥር ላይ ተቀምጠዋል። አባቱ የጻፉት እንዲህ ነው፦ «እናትህ ከጎረቤት ጋር ቡና በጠጣች ቁጥር አንተን ስት…ስ ነው የምትውለው።» ስትወቅስ ወይስ ስትወድስ? ሁለቱም ያስኬዳል። በዚያ ዓመት ለእናቱ ሳይደውል ወራት አልፈው ነበር፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ተመርቋል። እናቱም በሕይወት የሉም።

ለሒሳቡ ጓደኛው ደወለለት። የእሱ አሮጌ ጽሑፎች በሙሉ በአጭር ጊዜ ወደ ዩኒኮድ ተለውጠው ነበር፤ እህሉ ከጆንያው ወጥቷል። ጓደኛው ግን አልተመጻደቀም፦ «እኔስ ምን ረታሁ? የኔን ጽሑፍ ያኔ ለእናቴ ባሳያት ፊደል ነው አትለኝም ነበር። ሁላችንም 1999ን ብንጠብቅ ኖሮ አማርኛ በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው ባልኖረ።» እውነት ነው። በአገር ቤት እንደ ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝ ያሉ ሶፍትዌሮች ባይኖሩ የጋዜጦችና የመሥሪያ ቤቶች ጽሕፈት በታይፕራይተር በቀረ ነበር። የጎዳው የግል መሣሪያ መጠቀሙ አልነበረም፤ የቁጥርና የፊደል ሠንጠረዡ ከጽሑፉ ጋር አብሮ አለመቀመጡ ነው።

ይህ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በእነዚያ ዓመታት በግል ፎንት የተተየቡ የአማርኛ ሰነዶች ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱና በየአሳታሚው ኮምፒውተር ውስጥ አሉ። ሲታተሙ አማርኛ ናቸው፤ ሲገለበጡ ወይም ቃል ሲፈለግባቸው ግን መሐንዲሱ በ2013 ያየው ዓይነት ድብልቅልቅ ይሆናሉ። ፍለጋም ሆነ የትርጉም ማሽን የሚመገበው ሊነበብ ከሚችል ጽሑፍ ስለሆነ፣ ያልተለወጠው ሰነድ ለነገው አንባቢ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ሥራው ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፦ በየፎንቱ ሠንጠረዥ ማሰባሰብ፣ ለሕዝብ መክፈት፣ የታተመው ቅጂና ፎንቱን የሠራው ሰው በሕይወት ሳሉ ማመሳከር። የሚጠይቀው ጊዜን ነው፤ ጊዜው ደግሞ እያለቀ ነው።

ፖሊሲ የሚያወጡ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር የቴክኒክ ዝርዝር ብለው ያልፉታል። ካልጋሪ ግን ሌላ ምስክር አላት። ሦስቱ ተማሪዎች በሚከራከሩበት በዚያው መኸር፣ ቴዎ ደ ራት የተባለ የዩኒቨርሲቲው ምሩቅ ኦፕን ቢኤስዲ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት በዚያችው ከተማ ጀመረ። የአሜሪካ ሕግ ምስጢር ጠባቂ ፕሮግራሞችን ወደ ውጭ መላክ ይገድብ ስለነበር፣ ሥራው በካናዳ መሆኑ ለዓለም ሁሉ በነፃ እንዲሰራጭ ረዳው። ወሳኙ ሕጉ የሚወጣበትና ቁጥሩ የሚታደልበት ቦታ ነው፤ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ያልተቀመጠ ሕዝብ ሌሎች የተዉለትን ይቀበላል። የኢትዮጵያ ፊደል ቦታውን ያገኘው ጥቂት ባለሙያዎች ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ ስለደከሙለት ነው። እንዲህ ያለው ድካም ሁልጊዜ የበጎ ፈቃደኛ ትርፍ ጊዜ ሊሆን አይገባውም።

ልጅቱ የመጨረሻውን ደብዳቤ ስታስተካክል አንዱን ቃል እንዲመርጥ አባቷን ጠየቀችው። ሰውየው ረጅም ጊዜ ስክሪኑን ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ ሁለቱንም ጎን ለጎን እንድትጽፋቸውና ሠንጠረዡን ከፋይሉ ጋር እንድታስቀምጠው ነገራት።