እጄን ከግድግዳው ላይ ሳነሳ

ባሌት ዳንስ መማር መጀመሬን ለእናቴ የነገርኳት ቀን ጆሮዋ የያዘው አንድ ቃል ብቻ ነበር። «ባር ይዤ ነው የምሠራው» ስላት «ምነው ልጄ፣ ዲግሪ የያዝሽው ለባር ነው?» አለችኝ። ባር ማለት በመለማመጃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚገጠም፣ ሚዛናችንን ለመጠበቅ የምንይዘው አግዳሚ እንጨት መሆኑን ለማሳመን ብዙ ደከምኩ።

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ ቀኔ የሚያልፈው ኮምፒውተር ፊት ነው። ባሌት የጀመርኩትም ለጀርባዬ ብዬ ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ አስተማሪዬ ፖይንት፣ ማለትም በእግር ጣት ጫፍ መቆም፣ ፈቀደችልኝ። የጫማው አፍንጫ በሙጫ ከተደራረበ ጨርቅና ወረቀት የተሠራ ጠንካራ ነገር ነው። ቢሆንም ሰውን የሚያቆመው ጫማው ሳይሆን የቁርጭምጭሚት፣ የባትና የሆድ ጡንቻ ነው። ሴት ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ ጫማው ስላማረ ብቻ ቶሎ አትግዙ። አብዛኞቹ አስተማሪዎች ልጅቷ 11 ወይም 12 ዓመት እስኪሞላት፣ ያውም ለጥቂት ዓመታት በሚገባ እስክትሠለጥን ይጠብቃሉ።

የእኔ ችግር ሌላ ነበር። ባሩን ስይዝ ቀጥ እላለሁ፤ ስለቅ እወርዳለሁ። «በእጅሽ ነው የቆምሽው» ትለኛለች አስተማሪዬ።

በዚህ መሃል እናቴ አንሸራቷት ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ፈቃድ ወስጄ ፍኖተ ሰላም ስደርስ ጀሶው ወልቋል፤ ሐኪሙም ያለ ዱላ መሄድ እንደምትችል ነግሯታል። እሷ ግን ቤት ውስጥ ግድግዳውን፣ ደጅ ስትወጣ ዱላዋን አትለቅም። አንድ ማታ የሳሎኑን መስኮት ይዤ ስለማመድ ለረጅም ጊዜ አየችኝና «እኔስ ተሰብሬ ነው፤ አንቺ ምን ሆነሽ ነው የምትይዥው?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። የያዘን አንድ ነገር ነበር፤ ፍርሃት።

ከዚያ ማታ ጀምሮ አብረን መለማመድ ጀመርን። እኔ በባዶ እግሬ፣ እሷ ወንበር አጠገቧ አድርጋ። መጀመሪያ በሙሉ መዳፍ መያዝ፣ ቀጥሎ በሁለት ጣት፣ ከዚያ በአንድ፣ በመጨረሻም እጁን ሳያስነኩ ከመያዣው በላይ ማቆየት። እግር እግር ማየት አይፈቀድም፤ ጭንቅላት ሲያጎነብስ ሰውነትን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ሁለታችንም ዓይናችንን ግድግዳው ላይ ካለው የማርያም ሥዕል ላይ ተከልን። «ወደ ላይ ለመውጣት መሬቱን ወደ ታች ግፊው» የሚለውን የአስተማሪዬን ምክር ስነግራት «ይኸማ ውኃ ተሸክሞ መነሳት ነው» አለችኝ። ከእኔ ቀድማ ገባት።

በሳምንቱ መጨረሻ ለክርስትና ቡሬ ተጠርተን ሄድን። ማንኩሳን እንዳለፍን አንድ እረኛ ዱላውን ተደግፎ በአንድ እግሩ ቆሟል። «አየሽ፣ እሱም ባር አለው» አለችና ሳቀች። ወዲያው ከብቶቹ ወደ በቆሎው ማሳ ሲያዘነብሉ ልጁ ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሮጠ። እናቴ መኪናው እስኪያልፈው ድረስ አንገቷን አዙራ ተመለከተችው።

ቡሬ አክስቴ በር ላይ ስንወርድ ዱላዋን «እንኪ፣ ያዥልኝ» ብላ ሰጠችኝ። ግቢው ወጣ ገባ ነበር። ልደግፋት እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። ቀስ ብላ፣ ቀና ብላ፣ በሩን አይታ ገባች።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ባሩን ለቅቄ በፖይንት የቆምኩት ለ4 ሰከንድ ነው። ለባሌት ሰው ይህ ምንም አይደለም። እናቴ ግን እሁድ እሁድ ስትደውል ከሰላምታው ቀጥሎ የምትጠይቀኝ እሱን ነው፤ «ስንት ደረስሽ?»