የውኃው በርሜል

ልጆች ሆይ፥ ካርቱም የምትባለው የሱዳን ዋና ከተማ በእውነቱ ሦስት ከተማ ናት። ከአገራችን ወርዶ የሚሄደው ዓባይና ከደቡብ የሚመጣው ነጭ ዓባይ በዚያ ይገናኛሉ፤ ወንዞቹም ምድሩን ስለ ከፈሉት ካርቱምና ኦምዱርማን ባሕሪም በየዳርቻቸው ተቀምጠዋል። እኔ የነበርሁት በባሕሪ ነው። አክስቴ ከዛፍ ጥላ ሥር በጀበና ቡና እያፈሉ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበርና፥ እኔ ከሰል በመሸከምና ውኃ በመቅዳት እረዳቸው ነበር።

በዚያ አገር አንድ መልካም ልማድ አለ። ሰዎች በደጃቸው ዚር የሚባል ትልቅ የሸክላ ጋን አቁመው ውኃ ይሞሉበታል፤ የተጠማ መንገደኛም ማንንም ሳይጠይቅ ጠጥቶ ያልፋል። ሐጃ እያልን የምንጠራቸው አሮጊት ጎረቤታችንም እንዲህ ያለ ዚር ነበራቸው። በ2015 ዓ.ም. የእኛ ዐቢይ ጾምና የእስላሞች ረመዳን ተገናኝተው ነበር። ጀምበር ስትጠልቅ የሰፈሩ ሰዎች በመንገድ ዳር ምንጣፍ ዘርግተው አላፊውን ሁሉ እየጎተቱ ከማዕዳቸው ያስቀምጡ ነበር። እኔንም አስቀመጡኝ፤ ጾሜንም አውቀው ሥጋውን ከፊቴ አንሥተው ፉሉን አቀረቡልኝ። ፉል ከባቄላ የሚሠራ ነው፥ እጅግም ይጣፍጣል።

በቀዳም ሥዑር፥ ሚያዝያ 7 ቀን፥ ጧት ለፋሲካ ዶሮ ልገዛ ስነሣ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ነጎድጓድ መሰለኝ፤ ሰማዩ ግን የጠራ ነበር። ወዲያው መድፍና መትረየስ ከየአቅጣጫው ተንጣጣ፤ ሰው ሁሉ በሩን ዘጋ።

የጠቡ ነገር እንዲህ ነበረ። ኦማር አል በሽር 30 ዓመት ያህል ገዝተው በ2011 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ከዚያ በኋላ የሠራዊቱ አዛዥ ጄኔራል ቡርሃንና የፈጥኖ ደራሹ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሐምዳን ዳጋሎ በ2014 ዓ.ም. ተባብረው የሲቪሉን መንግሥት ገለበጡ። ኋላ ግን ፈጥኖ ደራሹ ጦር መቼ ወደ ሠራዊቱ ይግባ፥ ለማንስ ይታዘዝ በሚለው ነገር ሳይስማሙ ቀሩ። ሁለቱም ጦራቸውን በከተማው መካከል አስፍረው ነበርና፥ ጠባቸው በሕዝቡ ቤት ላይ ወደቀ።

የባሕሪ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ በመጀመሪያው ቀን ሥራውን አቆመ። መብራትም ጠፋ። አክስቴ ግን ለበዓሉ ብለው አስቀድመው አንድ በርሜል ውኃ አስሞልተው ነበር፤ ያንንም ክዳኑን ገጥመን በጓዳ አኖርነው። አይሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ከአልጋው ሥር እንገባ ነበር። የቤቱ ቆርቆሮ ሲንቀጠቀጥ ጥርሴም አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፋሲካን በደረቅ እንጀራ ፈሰክን።

በሦስተኛው ሌሊት በሩ ተመታ። አክስቴ ድካም አሸንፏቸው ተኝተው ነበር። እኔም ትንፋሼን ዋጥሁ። ከውጭ አንድ ሕፃን በቀስታ፥ «ሞያ፥ ሞያ» አለ፤ በቋንቋቸው ውኃ ማለት ነው። ወታደር መሰለኝ እንዳልል ድምፁን አውቀዋለሁ፤ የሐጃ የልጅ ልጅ ነበር። ስሜንም ጠራ። እኔ ግን በርሜሉን አሰብሁ፥ የቀኑንም ብዛት ቈጠርሁ፤ ዝምም አልሁ። ጥቂት ቆይቶ እግሩ ሲርቅ ሰማሁ።

በማግሥቱ ልጁ ጀሪካን ይዞ ወደ ወንዙ ሄደ። ወደ ዓባይ የሚወስደው መንገድ ጥይት የሚያልፍበት ነበር። እኔ በበሩ ስንጥቅ ዐይኔን አድርጌ መመለሱን እጠብቅ ነበር፤ እስኪመለስም ድረስ ዓመት መሰለኝ። በመጨረሻ ጀሪካኑን በሁለት እጁ እየጎተተ መጣ። ሐጃም ወጥተው እኩሌታውን በዚሩ ውስጥ አስጨመሩት። በዚያ ቀን በዚያ መንገድ የሚያልፍ መንገደኛ ማን ነበረ? እኔ ማንንም አላየሁም።

ከዚህ በኋላ በራችን ተመታ። በዚህ ጊዜ አክስቴ ከፈቱ። ልጁ በማሰሮ ውኃ ይዞ ቆሞ ነበር። «አያቴ፥ ከእነርሱ ቤት ድምፅ አይሰማም፤ ውኃ አልቆባቸው ይሆናል ብላ ላከችኝ» አለ።

አክስቴም አንገቱን አቅፈው ሳሙትና፥ «ልጄ፥ እኛ በርሜል ሙሉ ውኃ አለን፤ ምነው መጥተህ ሳትጠይቀን ቀረህ?» አሉት።

ልጁ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም መሬት መሬት አየሁ። «መኖሩን አላወቅሁም» አላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ቤት ከአንድ በርሜል ጠጣን። ውኃውን በባልዲ እየቀዳሁ የማደርስላቸው እኔ ነበርሁ፤ ልጁም ባልዲውን እየተቀበለ ያመሰግነኝ ነበር። የረመዳን ጾም ተፈትቶ ዒድ ካለፈ በኋላ በብዙ ገንዘብ የአውቶቡስ ቦታ አግኝተን ወጣን። በጓዳ የነበረውን በርሜል ለሐጃ ተውንላቸው፤ ውኃው ያን ጊዜም ገና አላለቀም ነበር። በወድ መደኒና በገዳሪፍ አልፈን፥ ከገላባት ወደ መተማ በእግራችን ገባን። በድንበሩ ላይ ከእኛ ጋር ሱዳኖችና የሌላም አገር ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ሁሉም አቧራ ለብሶ መልኩ አንድ ሆኖ ነበር።

ጦርነቱ ከዚያ በኋላ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ከቤቱ አፈናቀለ። ካርቱምንም ሠራዊቱ በ2017 ዓ.ም. መልሶ ያዛት። የሐጃንና የልጁን ነገር ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

አክስቴ ዛሬም ቡና ሲያፈሉ ያን ልጅ ያነሡታል፤ «ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነበር! ተጠምቶ ሳለ በራችንን ለመምታት አፈረ» ይላሉ። እኔም ሲኒውን አጥባለሁ።