ገባች፣ ጠለቀች

አማርኛችን ለፀሐይ ስንብት ሁለት ቃላት አሉት። አንዱ «ገባች» ነው፤ ስትዞር ውላ ወደ ቤቷ እንደምትመለስ ሴት። ሌላው «ጠለቀች» ነው፤ ጠልቆ እንደሚዋኝ ሰው። እኔ ባደግሁበት አዲስ አበባ ፀሐይ ከወጨጫ ተራራ ጀርባ ትገባለች እንጂ የምትጠልቅበት ውኃ የላትም። ቢሆንም ጀምበር ጠለቀች እያልሁ አደግሁ፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ባለፈው ጥር እኔን ለመጠየቅ አሜሪካ የመጡትን አባቴን ይዤ ወደ ሀዋይ ሄድሁ። አባቴ በ1966 ዓ.ም. ባሕር ኃይል ገብተው ምጽዋ የሠለጠኑ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአሰብ ወደ የመን ከተሻገሩት መርከቦች በአንዱ የወጡ ሰው ናቸው። ከየመን ወደ አገራቸው ከተመለሱ ወዲህ ባሕር አይተው አያውቁም፤ ስለ ባሕርም አያወሩም። ዝምታቸውን ናፍቆት አድርጌ ተረጎምሁት። ሳላማክራቸው ጀምበር ስትጠልቅ በዋይኪኪ ለሚደረገው የካታማራን ሽርሽር ሁለት ትኬት ገዛሁ።

የዋይኪኪ ካታማራን ወደብ አያስፈልገውም። አፍንጫውን አሸዋው ላይ ያሳርፋል፤ ተሳፋሪው ጫማውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ይገባና በመሰላል ይወጣል። አባቴ የጫማቸውን ክር አስረው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት፤ ማዕበሉ እስኪያልፍ ቆመው ጠበቁና የመርከበኛውን ልጅ እጅ ሳይዙ ወጡ። ልጁ ባለ ሙያ መሆናቸውን ያወቀ መሰለኝ፤ ፈገግ አለ።

ካታማራን ጎን ለጎን በተያያዙ ሁለት ቀጫጭን ቀፎዎች ላይ የሚንሳፈፍ ጀልባ ነው። ስሙ ታሚል ከሚባለው የሕንድ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የታሰረ እንጨት» ማለት ነው፤ ደንገል አስረው ታንኳ ለሚሠሩት የጣና ሰዎች ባዕድ የሚሆን ሐሳብ አይደለም። በ1947 እ.ኤ.አ. ውዲ ብራውን ከባልደረቦቹ ጋር «ማኑ ካይ» የተባለችውን ካታማራን ሀዋይ ውስጥ ሲሠራ፣ መነሻው በፓስፊክ ደሴት ያየው ጥንድ ታንኳ ነበር። ይህን ሁሉ አስቀድሜ አንብቤ ለአባቴ አወራሁላቸው። ሰሙኝ፣ ወይም የሰሙኝ መሰሉ።

ሞተሩ ጠፋ፤ ሸራው ነፋስ ሞላ። በቀፎዎቹ መካከል በተወጠረው መረብ ላይ ተቀመጥን፤ ውኃው ከሥራችን እየተፈናጠረ ልብሳችንን አረጠበው። «አይዘነብልም» አሉ አባቴ፣ ከተነሣን ጀምሮ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነበር። ሁለቱ ቀፎዎች ተራርቀው ስለሚረግጡ እንደ ነጠላ ቀፎ ጀልባ በነፋስ አይጋደምም። ያ ለእርሳቸው ምስጋና ይሁን ነቀፌታ አልገባኝም።

ፀሐይዋ ወደ ውኃው ስትቃረብ ሙዚቃው ቆመ። መርከበኛው ልጅ፣ ሰማዩ ጥርት ካለ በመጨረሻዋ ቅጽበት ከፀሐይዋ ጫፍ አረንጓዴ ብልጭታ እንደሚታይ ነገረን። የፕላስቲክ ኩባያዎች ወረዱ፤ ስልኮች ወጡ። ሰው ሁሉ ወደ ምዕራብ ዞረ። አባቴ ግን ጀርባቸውን ሰጥተው፣ በስተኋላችን የቀላውን የዳይመንድ ሄድ ተራራ ይመለከቱ ነበር።

«አባባ፣ ፀሐይዋ በዚያ በኩል ናት እኮ!» አልሁ። ድምፄ ውስጥ ቁጣ ነበረ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

«ምጽዋም አሰብም ፀሐይ ከባሕር ነው የምትወጣው። የምትገባው ወደ አገር ነው» አሉ። «ወደብ ላይ ስንሆን ማታ ማታ ዓይናችን ወደ የብሱ ነበር።»

ከዚያ ብዙ ቆይተው፦

«የወጣን ዕለት ግን ዞሬ አላየሁም። ወደቡ ላይ የቀረ ጓደኛ ነበረኝ። እጁን ያውለብልብልኝ ይርገመኝ፣ አላውቅም።»

ስሙን ጠየቅኋቸው። ነገሩኝ። በልጅነቴ ከቤታችን ግድግዳ ላይ በነጭ ልብስ ከአባቴ ጎን የቆመው፣ ማንም ማን እንደሆነ ያልነገረኝ ወጣት እርሱ ነበር። የስም ታላቄ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ፤ እኔን በእርሱ ስም ነው የጠሩኝ።

በዚህ መካከል ተሳፋሪው በአንድ ድምፅ ጮኸ። አረንጓዴው ብልጭታ ታይቶ ይሁን፣ ለማየት ከመጓጓት የመጣ ጩኸት ይሁን አላረጋገጥሁም። እኔ የአባቴን ማጅራት እያየሁ ነበር።

«ጠለቀች?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«ጠለቀች፣ አባባ።»

በሐሩር አገር ድንግዝግዝታው አጭር ነው፤ ወዲያው ጨለመ። የሆቴሎቹ መብራቶች አንድ በአንድ ውኃው ላይ ረዘሙ። አባቴ የጀልባው አፍንጫ አሸዋውን እስኪነካ ድረስ ዓይናቸውን ከየብሱ አልነቀሉም። ከዚያም ጫማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ከእኔ ቀድመው መሰላሉን ወረዱ።