ታድግበታለች

ጫማ ሲገዛልን አንድ ቁጥር ተጨምሮ፣ ጃኬት ሲገዛልን እጅጌው ጣታችንን እስኪሸፍን ረዝሞ ነው ያደግነው። እናቴ ለእህቴ ዩኒፎርም ስታሰፋ «ግድ የለም፣ ታድግበታለች» ትል ነበር። እኔም ሜሪላንድ ሆኜ ለትልቋ ልጄ የመጀመሪያውን የውድድር ብስክሌት የገዛሁት በዚሁ ሒሳብ ነው።

ልጄ 16 ዓመቷ ነው፤ ትራያትሎን ትወዳደራለች። የምትገባበት አጭሩ ውድድር ነው፦ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ ሳያርፉ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ሩጫውን ከአባቷ ወረሰችው የሚሉ አሉ። እኔ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ካልሆነ ሮጬ አላውቅም።

አምና የገዛሁላት ቁጥሩ 56 የሆነ የአሉሚኒየም ብስክሌት ነበር። ትልቅ መሆኑ አላሳሰበኝም። እኛ አዲስ አበባ በኪራይ ብስክሌት ስንለምድ ኮርቻው ላይ መድረስ ሲያቅተን እግራችንን በፍሬሙ መሐል አሾልከን አልነበር የምንነዳው?

ዘንድሮ ዕቁብ ሲደርሰኝ «ካርቦን እገዛልሻለሁ» አልኳት። ትዘላለች ብዬ ስጠብቅ አቀረቀረች።

«አባዬ፣ ካርቦን ባይሆንም ይሁን። ብቻ በልኬ ይሁን። የአሁኑ መሪው ይርቀኛል፤ ግማሽ መንገድ ስደርስ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ለሩጫው ስወርድ ጉልበቴን ያመኛል።»

«ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሌሊት ሌሊት ታክሲ ነድተህ ነዋ የገዛኸው።»

ምን ይመለሳል?

ከዚያ በኋላ ፍለጋውን አብረን ያዝነው። መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ያገለገለ ካርቦን ነበር፤ 1,100 ዶላር፣ ሲያዩት የሚያብረቀርቅ። ባለቤቱ «አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም» አለኝ። ገንዘቡን ከመስጠቴ በፊት ግን ለአንድ ሽማግሌ መካኒክ አሳየሁት። በባትሪ እያዩ፣ በሳንቲም ቀስ አድርገው ፍሬሙን ይመቱ ጀመር። ከፔዳሉ በላይ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ታፈነ። ቀለሙ ሥር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበር። ካርቦን በሙጫ የተያያዘ የክር ንጣፍ ነው፤ አሉሚኒየም ሲመታ ይጎደጉዳል፣ ታየዋለህ። ካርቦን ግን ውስጡ ተጎድቶ ላዩ ደህና ሊመስል ይችላል። ልጄን እዚያ ላይ አስቀምጬ ቁልቁለት ልለቃት ነበር!

እኚሁ ሰው ናቸው ዓይናችንን የገለጡት። የቁመቷን፣ የእግሯንና የክንዷን ልክ ወሰዱና 51 አካባቢ እንድንፈልግ ነገሩን። ቁጥሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ዋናው ነገር መሪው ምን ያህል ከፍ እንደሚልና ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚርቅ ነው አሉ። ለትራያትሎን ብቻ የተሠራውን፣ ክንድ ማስደገፊያ ያለውንም አሳዩን። እሱ ለብቻ ነፋስ እየሰነጠቁ ለመሄድ ጥሩ ነው፤ ከቡድን ጋር ለመለማመድና ለመታጠፍ ግን ያስቸግራል። ለመጀመሪያ ተራው የመንገድ ብስክሌት ይበቃታል፤ ማስደገፊያው ካስፈለገ በኋላ ይገጠማል።

ካርቦን ለምን ታዲያ? ቀለል ይላል፣ የመንገዱንም ንዝረት በመጠኑ ያለዝባል። ሜዳ ላይ ግን አንድ ኪሎ መቀነሱ የሚያተርፈው ጥቂት ሰከንድ ነው። ትልቁ ጠላት ነፋስ ነው፤ ነፋሱን የሚመታው ደግሞ በአብዛኛው የነጂው ሰውነት ነው። ልኩ ካልሆነ ጎንበስ ብሎ መቆየት አይቻልም። ይህን ስሰማ ለጎማና ለቸርኬ ልጨምር ያሰብኩትን ገንዘብ ለልክ ማስተካከያው፣ ለሄልሜትና ለጫማ አዞርኩት።

የገዛነው የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው ባለ 51 ካርቦን ነው። ምርጫው የእሷ ነበር፤ ቀለሙን አልወደድኩትም። ብሎኖቹን በእጅ ግምት እንዳላጠብቅ፣ መጠኑን የሚለካ መፍቻ እንድጠቀም መካኒኩ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቁኝ። የመኪና ብሎን እንደማጠብቅ ገብቷቸዋል መሰለኝ።

አሮጌውን 56 ልሸጠው ሳወጣ መካኒኩ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ኮርቻውን ሁለት ጣት ያህል ከፍ አደረጉት። «እስኪ ይውጡበት» አሉኝ።

ልክ ለእኔ ነው።

አሁን እሑድ ጠዋት አብረን እንወጣለን። ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆማ፣ ውሃዋን ጠጥታ ጨርሳ ትጠብቀኛለች።